አፍላጦን እንዳለችው

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዝናብ። እዚህ አገር ሜይ የብርድ መግቢያ ነው። አባባ ዛሬም ከማሞቂያው፣ ከሂተሩ ጋር ተጣሉ። አንዴ ይመቱታል፣ አንዴ ይለምኑታል። "አንተ የምትሞቀው ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ ነው" አሉት። ሂተሩ መልስ አልሰጠም። ጨዋ ነው።

(ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ኢስሐቅ ፊደል ስለማይለይ ነው። ከየትኛውም ቁልፍ ይሻላል። ፊደል ያስቆጠሩኝ ደግሞ አያቴ አባባ እንድሪስ ናቸው። ራሳቸው በሰጡኝ መሣሪያ ነው እንግዲህ የማማቸው...)

የፍልስፍና ክፍል። ሚስ ዲሚትሪዩ አሳይንመንት ሰጠችን። አንድ የጥንት ፈላስፋ ይደርሳችኋል፤ በስሙ ከተረፉት ጽሑፎች የትኞቹ በእውነት የሱ ናቸው? በምንስ ይታወቃል? ለእኔ ፕሌቶ ደረሰኝ። ጓደኛዬን ራሕዋን ሶቅራጥስ ደረሳት። አንድ መስመር እንኳ ያልጻፈ ሰው! "ምንም አልጻፈም ብዬ አስረክባለሁ" አለች። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ዕድለኛ ነው።

እማዬ ለናይት ሺፍት ከወጣች በኋላ (ከተማ መሃል ያሉ ቢሮዎችን ነው የምታጸዳው) አባባ አጠገቤ መጡ።

"ምን ታነቢያለሽ?"

"ፕሌቶ ስለሚባል ሰው።"

"ማ?"

ስልኬ ላይ ስሙን በዓረብኛ አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። በጣታቸው እያንዳንዱን ፊደል ነኩት።

"አፍላጦን!"

አፍላጦን?! የአባባ አፍላጦን? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መሃል "አፍላጦን እንዳለው..." ሲሉ የምሰማው? እኔ እኮ ወሎ ውስጥ የሚኖር ሼህ መስሎኝ ነበር። ጥምጣም፣ በቅሎ፣ ረጅም ጢም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ! አንዴማ ታሞ ይሆናል ብዬ ዱዓ አድርጌለታለሁ። (ጢሙን ግን አልሳትኩም።)

"አባባ፣ ግሪክ ነው እንዴ?"

"እና ምን መስሎሽ ነበር?" አሉ። ግን ቶሎ ብለው ወደ ሂተሩ ተመለሱ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ ፊት አፍላጦንን አንስተው አያውቁም። ለምን ይሆን? ቅዳሜ እሷ ሥራ ናት... እንጃ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

የሚገርም ሰውዬ ይሄ ፕሌቶ። ያን ሁሉ ጽፎ አንድም ቦታ ወጥቶ "እኔ እንዲህ እላለሁ" አይልም። አብዛኛውን የሚያናግረው መምህሩን ሶቅራጥስን ነው። ራሱ ከኋላ ተደብቋል። ይባስ ብሎ ሌሎች ሰዎች ደግሞ በሱ ስም ጽፈዋል። በስሙ የተረፉ አሥራ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ፤ አንዱ ምሁር "አንዱም የሱ አይደለም" ይላል፣ ሌላው "ሰባተኛው እንኳ የሱ ነው" ይላል። ሲጨቃጨቁ ፀጉራቸው አልቋል። ፎቷቸውን አይቻለሁ።

እንዴት ይለያሉ? ሚስ እንዳለችው፣ ሰው ሲናገር ሳያውቀው የሚደጋግማቸው ትንንሽ ቃላት አሉ። እነሱ ያጋልጡታል። በዘመኑ ያልነበረ ነገር ከጠቀሰ ደግሞ... ተያዘ! አጠራጣሪዎቹን ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጉባቸዋል። መድረሳ ስለ ሐዲስ የተማርነው ነገር ትዝ አለኝ። ማን ከማን ሰማ፣ ሰንሰለቱ የት ጋ ተበጠሰ። ኡስታዛችን ይሄን ቢሰማ አንድ ሳምንት በኮራ ነበር።

"ለምን ግን በሰው ስም ይጽፋሉ?" አልኩ።

"ሁሉም ለማታለል አይደለም" አለች ሚስ። "ተማሪ መምህሩን ይወዳል። 'ቢኖር ኖሮ ይሄን ይል ነበር' ብሎ ይጽፍለታል።"

"እናቴ በአባቴ ስልክ የምትልክልኝ ቴክስት ማለት ነው" አለች ራሕዋ።

ሐሳብ መጣልኝ። መጥፎ ሐሳብ። ደስ የሚል መጥፎ ሐሳብ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ፀሐይ ወጣ። ስለዚህ አግዳሚው ወንበር። ከሕንጻችን ሥር፣ የልጆች መጫወቻው አጠገብ፣ ሰፈራችን ኬንሲንግተን ውስጥ ነፋስ የማይደርስበት ብቸኛ ቦታ። አባባ፣ ጋሼ ኪሮስ፣ እትዬ ዓሊማና አንድ ፔርሙስ ሻይ።

ጋሼ ኪሮስ የራሕዋ አያት ናቸው። የአፍ መፍቻቸው ትግርኛ ነው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ስህተት አያሳልፉም። እኛ አፋችንን የፈታንበትን ቋንቋ እሳቸው ያርሙልናል። እትዬ ዓሊማ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸውን አሳድገው ጨርሰው አሁን የልጆቻቸውን ትዳር እያሳደጉ ነው።

ስልኬን ከፔርሙሱ ጀርባ አስደግፌ ሪከርድ አደረግሁ። አዎ፣ ሳላስፈቅድ። ለሳይንስ ነው።

እትዬ ዓሊማ በምራታቸው ተናደው መጥተዋል። "አሁኑኑ ደውዬ ልኳን ባልነግራት!" አባባ ሻዩን ፉት አሉ። ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ ፉት ይላሉ።

"አፍላጦን እንዳለው፣ በርበሬ የነካ እጅ ዓይን አይነካም፤ የተቆጣ ሰው ዳኛ አይሆንም።"

እትዬ ዓሊማ ስልካቸውን ቦርሳ ውስጥ መልሰው ከተቱ። ይሠራል እኮ!

ጋሼ ኪሮስ ከልጃቸው ጋር ተኳርፈው ትናንት ሳይበሉ እንደተኙ አወሩ። ፉት። "አፍላጦን እንዳለው፣ ያኮረፈ ሰው ራቱን ለድመት ይመርቃል።"

ኢስሐቅ ኳስ ይዞ ሲያልፍ፣ አባባ የማንን መስኮት መታህ ቢሉት "እኔ አይደለሁም" አለ። ፉት። "ልጅ ሲዋሽ ጣሪያ ያያል፣ ትልቅ ሰው ሲዋሽ ጫማውን ያያል።" ኢስሐቅ ጣሪያ ስላጣ ሰማይ እያየ ነበር።

ከዚያ እትዬ ዓሊማ እንግዳ ይመጣብኛል፣ ቤት ውስጥ ምንም የለም ብለው ተጨነቁ።

"ለእንግዳ ወጡ ይቅጠን እንጂ ፊት አይቅጠን" አሉ አባባ፣ "አፍላጦን እንዳለችው።"

"እንዳለው" አሉ ጋሼ ኪሮስ ወዲያው። "አፍላጦን ወንድ ነው፣ እንድሪስ።"

"እንዳለው፣ እንዳለው! አንተ ሰውዬ ለአንዲት 'ች' ነፍስህን ትሰጣለህ።"

"'ች' ቀላል ነገር አይደለችም።"

ሰኞ፣ ሜይ 12

ከራሕዋ ጋር ላይብረሪ። የአባባን አፍላጦን ከግሪኩ አፍላጦን ጋር አስተያየነው። አንድም የሚገጥም የለም። አንድም!

ደግሞ በርበሬው! በርበሬ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደኛ የደረሰው አፍላጦን ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። "በርበሬ ሳይቀምስ ሞተ" አለች ራሕዋ። "እኔን አሁን ነው በእውነት ያሳዘነኝ።"

የጻፍኳቸውን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። በርበሬ፣ ወጥ፣ ራት፣ ድመት...

"ይሄ ፈላስፋ ከማድ ቤት አይወጣም እንዴ?"

ሳቃችን አላቆም አለ። ላይብረሪያኗ አስወጣችን። ቅዳሜ እስኪደርስ እንዴት ልቻል?

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

እንዲህ ሆነ። በዝርዝር ልጻፈው፣ ይገባኛል።

አግዳሚው ፊት ቆምኩ። በማይክ ፋንታ ሙዝ ያዝኩ። "የተከበራችሁ ሽማግሌዎች!" አልኩ። እትዬ ዓሊማ ገና ሳልጀምር ሳቁ። አባባም ፈገግ ብለው ነበር። ምን ላድርጋት ይቺን ልጅ የሚለው ፈገግታቸው።

የበርበሬውን ታሪክ ነገርኳቸው። ፈልገን ምንም እንዳላገኘን ነገርኳቸው። ጋሼ ኪሮስ "ተይ፣ ኒስሪን" አሉ፤ ቀስ ብለው። ሰማሁ። ግን ሳቁ ጣፈጠኝ።

"ስለዚህ" አልኩ፣ "የአባባ አፍላጦን አባባሎች በሙሉ... ውሸት ናቸው!"

"ወይኔ እንድሪስ!" አሉ እትዬ ዓሊማ ጭናቸውን እየመቱ። "ይሄን ሁሉ ዘመን በግሪክ ስም ስትነግድብን!"

አባባ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን አዩ።

እዚያ ጋ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

"ያውላችሁ! ትልቅ ሰው ሲዋሽ ምን ያያል?"

ማንም አልሳቀም። አባባ የፔርሙሱን ክዳን ገጠሙ። አንድ ጊዜ አልገባ ብሏቸው ደገሙት። "ብርድ ነው" ብለው ተነሱ። ሊፍቱን አልጠበቁም። በደረጃ። በዚያ ጉልበታቸው...

ሙዙን ለኢስሐቅ ሰጠሁት።

ሰኞ፣ ሜይ 19

አባባ ዝም። ለሂተሩም።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ምን አደረግሽ?" አሉ። ይሄ ከቁጣ ይብሳል። ቢቆጡ እኮ መልስ አለኝ።

ሆን ብዬ ሂተሩን ነቀልኩት፣ እንዲሰድቡት። ሰኩትና ተቀመጡ። ሲበሉም ለይስሙላ ነው። ትናንት ሳህኑን መልሰው ሲያስቀምጡት ሩዙ እንደነበረ ነው።

እማዬ ማድ ቤት ውስጥ ያዘችኝ። "አባቴን ምን አድርገሻቸው ነው?"

"ምንም።"

ጣሪያውን እያየሁ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ውሸት ነው ያልኩት አባባል በእኔ ላይ ይሠራል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ፀሐይ አለ። አባባ አልወረዱም። ከመስኮት አየሁ፤ ጋሼ ኪሮስ ብቻቸውን፣ ጎናቸው ባዶ። ወረድኩ።

"ዛሬ ሙዝ የለም?" አሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ..."

ጠጋ አሉልኝ። ከዚያ "እኔ አውቅ ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"አፍላጦን ያን እንዳላለ። አንብቤዋለሁ እኮ፣ ልጅ ሆኜ። ስለ በርበሬ አያወራም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ጋሼ ኪሮስ እንደ ሞኝ አዩኝ። "በየሳምንቱ ከብሬብሩክ ባስ ቀይሬ የምመጣው አፍላጦንን ብዬ መሰለሽ?"

እቤት ገብቼ ላለቅስ አሰብኩ። ኢስሐቅ ሻወር ውስጥ ነበር። ለቅሶም ወረፋ አለው እዚህ ቤት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ቆይ። ቆይ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

እማዬ ዛሬ ኦፍ ነበረች። ኢስሐቅ ጌሙን ስለቀማችው በሩን ዘግቶ "ራት አልበላም" አለ። እማዬ ሩዝ እየጨለፈች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣

"ተወው። ያኮረፈ ሰው ራቱን ለድመት ይመርቃል።"

ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ።

"እማዬ... ይሄን ከአባባ ሰምተሽ ነው?"

"ከአባባ? አባባ እንዲህ ዓይነት ነገር ያውቃሉ? እናቴ ናት የምትለው። ሳኮርፍ ሁሌ። ድመት ባይኖረንም።"

ክፍሌ ገብቼ የዚያን ቅዳሜ ሪከርድ ከፈትኩ። እንግዳው፣ ወጡ፣ "አፍላጦን እንዳለችው"... እንዳለው ብለው ጋሼ ኪሮስ ሲያርሙ። መጨረሻው ላይ፣ ስልኩን ሳነሳ፣ አባባ ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ አንድ ድምፅ አለ። ሦስቴ ሰማሁት። "አፍላጦን ይሄን ብትሰማ..."

ብትሰማ።

ቃላቱን አያለሁ ብዬ ስንት ቀን ስደክም ትንሿን ቃል ዘለልኳት። አንዲት ፊደል። የጋሼ ኪሮስ 'ች'። ፈላስፋውም ከማድ ቤት አይወጣም...

እናቴ ሳታገባ ነው አያቴ ደሴ ላይ የሞተችው። ሸምሲያ ትባላለች። ስሟን የማውቀው ከእማዬ ነው። ከአባባ አፍ ግን? አንድ ጊዜም አልሰማሁትም።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

እማዬ ሥራ ሄደች። የአባባን ራት ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳህኑን አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ እማዬ የድመቷን ነገር ከእናቷ ሰማሁ አለችኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"መቼ አለች?"

"ትናንት። ሩዝ ስትጨልፍ።"

"ታስታውሳለች?" አሉ። "ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች።"

ከዚያ አወሩ። ካኮረፉ ወዲህ ያላወሩትን በአንዴ።

"ደሴ ቤታችን ወንድ ይሰበሰብ ነበር። ስንከራከር እንውላለን። መቋጫ የለውም። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ሰው ሲበተን ኩባያ እየሰበሰበች አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። አንድ። የዋልንበት ሁሉ እዚያች ላይ ያልቃል። በማግስቱ እኔ ለሰዎቹ እደግማታለሁ። 'ኧረ እንድሪስ፣ ይሄን ማን አለው?' ይላሉ። ምን ልበል? በኛ ጊዜ ሰው የሚስቱን ስም አደባባይ ያወጣል? 'እሷ' ነው፣ 'የልጆቹ እናት' ነው። ሚስቴ አለችኝ ብል ይኸው እስከዛሬ በሳቁብኝ። አንድ መምህር ስለ አፍላጦን ሲያወራ ሰምቼ ነበር። አፍላጦን ነው ያለው አልኳቸው።"

"እሷስ ሰማች?"

"መጋረጃ እኮ ነው፣ ግንብ አይደለም! ሰው ሲሄድ መጣችና 'አፍላጦን ዛሬ ደክሞታል፣ ኩባያውን አንተ እጠብ' አለችኝ።"

"አጠቡ?"

"ምን ምርጫ ነበረኝ?"

ሳቁ። ወላሂ ሳቁ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሟ አፍላጦን ሆነ። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ። እስክትሞት።

"እና ሁልጊዜ..."

"አፍላጦን አልኩ እንጂ ግሪኩ አልኩ? ግሪክ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ወንድ አደርጋታለሁ፣ አንዳንዴ 'ች'ዋ ታመልጠኛለች። ኪሮስ ደግሞ አያልፋትም፣ የታባቱ።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

"እኔን ውሸታም በይኝ፣ ግድ የለም። አያት የተፈጠረው ለዚህ ነው። የሷን ነገር ግን 'ውሸት' አልሽው።" እጃቸውን አወረዱ። "ደግሞ ያቺን የጫማዋን ስትይ... ድምፅሽ ቁርጥ እሷን። ለዚያ ነው ያቀረቀርኩት።"

ሳህኑን ወደሳቸው አስጠጋሁት።

አያቴ መጻፍ አትችልም ነበር። አንድ መስመር የላትም። ፕሌቶ ሶቅራጥስን ባያናግረው ሶቅራጥስ የት ይገኝ ነበር? አያቴም ያለችው አባባ አፍ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ያን አፍ ዘግቼው ነበር።

"ለእማዬ ልንገራት?"

"ተይ" አሉ። "ለሷ እኔው እነግራታለሁ።"

ሩዙን በሉ። ሁሉንም። "ቀዝቅዟል" ብለው ሂተሩን ሰደቡት። ሩዙን ያቀዘቀዘው እሱ እንደሆነ ሁሉ። አልሐምዱሊላህ።

ዓርብ፣ ጁን 6፣ አረፋ

ከሶላት መልስ ቤቱ ሞላ። ኢስሐቅ አዲሱን ጀለቢያ ለብሶ የተተከለ ድንኳን መስሏል። ለጋሼ ኪሮስ እንደ ልማዱ ዓሣ፣ በራሱ መጥበሻ። ራሕዋ ለሶቅራጥስ ከእኔ የበለጠ ማርክ አግኝታ መጣች። ምንም ላልጻፈ ሰው! እትዬ ዓሊማ ከምራታቸው ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል።

"ኧረ አፍላጦን የት ጠፋብን?" አሉ እትዬ ዓሊማ። "እኔ እኮ ያለ እሱ ሰው ልገድል ነው።" ምራታቸው ፈቀቅ አለች።

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ አባባን አየሁ። አባባ ሻዩን አነሱ። ፉት።

"አፍላጦን እንዳለችው..."

"እንዳለው" አሉ ጋሼ ኪሮስ፣ አፋቸው ዓሣ ሞልቶ።

"እንዳለችው፣ ኪሮስ። ሸምሲያ ናት።"

እማዬ ትሪ ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። የእናቷን ስም ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ። አባባ የመጋረጃውን ታሪክ ነገሯት፤ እንግዶቹን ሳይሆን እሷን እያዩ። ኩባያ ማጠቡን ሳይቀር። ትሪውን ከእጇ ተቀበልኳት፣ ሊወድቅ ነበር።

ጋሼ ኪሮስ ዓሣውን ዋጡ። አሰቡበት። "እንዲያ ከሆነ" አሉ፣ "'ች' ትክክል ነው።"

"እኔማ ጠርጥሬ ነበር!" አሉ እትዬ ዓሊማ። "የእንግዳውንና የወጡን ነገር ወንድ ከየት ያመጣዋል?"

"ሾርባው" አለች እማዬ፣ ዓይኗን እየጠረገች። "'ሾርባው ይቅጠን' ነበር የምትለው።"

"ወጡ ነው" አሉ አባባ።

"ሾርባው ነው፣ አባዬ። እኔ ነበርኩ የማማስለው።"

ተከራከሩ። ሮጬ ይህን ደብተር አመጣሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር። ሌላም መጣ፣ ሌላም። እትዬ ዓሊማ የራሳቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ያዝኳቸው። እጄ ደከመ።

ጥግ ላይ ኢስሐቅ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ምድጃው ላይ ያለውን ጠብቅ የተባለው እሱ ነው። የሆነ ነገር ሸተተ። እማዬ ጮሃ ሮጠች። አባባ ፉት አሉ።

"አፍላጦን እንዳለችው፣ ስልክ የሚያይ ሰው ወጡ ሲያር አይሸተውም።"

መጻፍ ጀምሬ እስክሪብቶዬ ቆመ።

"አባባ። እሷ ስትሞት ሰው ስልክ በእጁ ይዞ ይዞር ነበር?"

ጫማ አላደረጉም። ካልሲያቸውን አዩ።

"ብትኖር ትለው ነበር" አሉ።

ጻፍኩት። መጀመሪያ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌበት ነበር። አሁን፣ ሁሉም ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሰረዝኩት።